ብዙ ሳይነዳ ፍሪሲዮኑ ያለቀ መኪና፦ ማስተካከል፣ ዲስክ መቀየር ወይስ ሙሉ ሴት (ሙሉ የዕቃ ስብስብ)?

ከአፖስቶ ወደ ሀገረ ሰላም የሚወጣውን መንገድ በመኪና የሄደ ሰው አይረሳውም። የምኖርባት ሐዋሳ ያለችው 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ሀገረ ሰላም ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። በመሃል ያለው ዳገት ነው። ዳገት፣ ኩርባ፣ እንደገና ዳገት።

አምና እናቴንና ሁለት አክስቶቼን ይዤ ለለቅሶ ወደዚያ ስወጣ መኪናዬ ከበደችኝ። ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮሃል፤ ፍጥነቷ ግን ንቅንቅ አይልም። ትንሽ ቆይቶ ሽታ መጣ። አፍንጫ የሚቆረቁር የቃጠሎ ሽታ። እናቴ ከኋላ ሆና «ልጄ፣ ምን ነደደ?» አለችኝ። የነደደው ፍሪሲዮኑ ነበር፤ ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል።

ቆጣሪው ላይ ያለው 41,000 ኪሎ ሜትር ነው። መኪናዋ ከአዲስነቷ ጀምሮ ከእጄ አልወጣችም። ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ የልጆች ትምህርት ቤት፣ እሁድ ፍቅር ሐይቅ ዳር። ሐዋሳ ደግሞ ሜዳ ናት። በደንብ የተያዘ ፍሪሲዮን 100,000 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ታዲያ የኔ በምን አለቀ?

ይህን ጥያቄ በጊዜው ብጠይቅ ኖሮ ገንዘቤ ሁለቴ አይወጣም ነበር። መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ጠዋት ተቀብሎኝ ማታ ዲስክ ቀይሮ መለሰልኝ። ለምን እንዳለቀ እኔም አልጠየቅሁ፣ እነሱም አልነገሩኝ። በሰባተኛው ወር ያው ጩኸት፣ ያው ሽታ ተመለሰ። ሁለተኛው መካኒክ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። የወጣውን ዲስክ በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው ጣታቸውን አሳዩኝ። ያብረቀርቃል። «ይሄ እኮ አላለቀም ልጄ» አሉኝ። «ዘይት ጠጥቶ ነው።»

ስለዚህ ከታች ያሉትን ምርጫዎች የማነጻጽረው በርካሽና በውድ አይደለም። የትኛው ምርጫ ለየትኛው ምክንያት እንደሚሆን ነው። ምክንያቱ ካልታወቀ ውዱም ርካሹም ያው ነው።

ቆጣሪው ስለ ፍሪሲዮን ብዙ አይናገርም

ፍሪሲዮንን የሚበላው መንገድ አይደለም። ፔዳሉን እስከ ታች ስትረግጡት ዲስኩ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ የብረት ክብ) ይላቀቃል። መፋተግ የለም። ሙሉ በሙሉ ስትለቁት ደግሞ ዲስኩና ቮላኖው ተጣብቀው አብረው ይዞራሉ። አሁንም መፋተግ የለም። የሚበላው በመሃል ነው፤ መንጃ ፈቃድ ስንማር «ባላንስ» የምንላት ቦታ ላይ።

የቤንዚን ሰልፍን አስቡ። ከፊታችሁ 60 መኪና አለ እንበል። አንድ መኪና በሄደ ቁጥር ተነስታችሁ ስትቆሙ 60 ጊዜ ባላንስ ይዛችኋል። ቆጣሪው ላይ የተጨመረው ግን ግማሽ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በተቃራኒው ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትነዱ፣ ከከተሞቹ ውጭ ፍሪሲዮኑን የምትነኩት አልፎ አልፎ ነው። ለፍሪሲዮኑ ረጅሙ ጉዞ ሰልፉ ነው።

በከተማችን ሌላም አለ። ባጃጅ ከፊት ድንገት ይቆማል፤ ሰው ያወርዳል፤ እንደገና ይነሳል። እኛም ከኋላው «አሁን ይሄዳል» እያልን እግራችንን ፔዳሉ ላይ እናሳርፋለን። እግር በቀላሉ ፔዳል ላይ ማረፉ ራሱ ዲስኩን የሚጫነውን ኃይል ሊቀንሰው ይችላል። ሳይታወቅ ይንሸራተታል፤ ይሞቃል። እኔ ይህ ልማድ እንዳለኝ ያወቅሁት አጠገቤ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሜ ሲነግረኝ ነው። እሱም ቢሆን መንዳት የተማረው በዚችው መኪና ነው። ለማጅ በአንድ ወር ውስጥ ዲስክ ላይ ምን እንደሚያደርስ ማንም መካኒክ ይነግራችኋል።

ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ ቆጣሪውን ራሱን ተጠራጠሩ። ኪሎ ሜትር የሚያስቀንስ ሻጭ አለ። የፔዳሎቹን ጎማ እዩ። የፍሪሲዮኑ ፔዳል ጎማ ልሙጥ ሆኖ፣ የመሪው ቆዳ ተልጦ፣ የሹፌሩ ወንበር ጎን ሰምጦ ቆጣሪው 35,000 ካለ፣ ፍሪሲዮኑ ያለ ዕድሜው አላለቀም። ዕድሜው ነው የተደበቀው።

ሦስት ሙከራ፣ ከጋራዥ በፊት

«ፍሪሲዮን ተበላሸ» የሚለው አነጋገር ቢያንስ ሁለት ተቃራኒ በሽታዎችን ይይዛል። አንደኛው አልይዝ ማለት ነው፤ ይንሸራተታል። ሁለተኛው አልለቅ ማለት ነው፤ ማርሽ አይገባም፣ በተለይ የኋላ ማርሽ ይንጫጫል። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑን) ያስወርዳል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ አያስወርድም። ሁለቱን የሚያምታታ ጋራዥ ውስጥ መኪናችሁን አታስፈቱ።

መንሸራተቱን ለማየት ባዶ መንገድ ላይ በአራተኛ ማርሽ በዝግታ እየሄዳችሁ ነዳጁን ጠበቅ አድርጋችሁ ስጡ። ሞተሩ ጮሆ ፍጥነቱ ካልተከተለው ይንሸራተታል። ሌላው የቆመ መኪና ላይ የሚደረግ ነው። ፊት ለፊት ሰው በሌለበት ሜዳ የእጅ ፍሬን በደንብ ሳቡ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። ሞተሩ መዞሩን ከቀጠለ ዲስኩ አልያዘም። ይህን አንዴ ብቻ ሞክሩ፤ ሙከራው ራሱ ያቃጥላል።

ሦስተኛው የጆሮ ነው። ሞተሩ ተነስቶ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ፔዳሉን እርገጡ። ስትረግጡ የሚመጣ ጩኸት የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ነው። ስትረግጡ የሚጠፋ፣ ስትለቁ የሚመለስ ጩኸት ከሆነ ግን ጥርጣሬው ካምቢዮው ውስጥ ወዳለ ኩሽኔታ ይሄዳል። ያኔ ፍሪሲዮን መቀየር ጩኸቱን አያጠፋውም።

ሳይፈታ የሚድነው

ከሁሉም የሚቀድመው ምርጫ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ይዘለላል። ለጋራዡም ካምቢዮ ማውረድ የተሻለ ገቢ አለው፤ እኛም «ፍሪሲዮን አለቀ» ሲሉን እናምናለን።

መኪናው ፍሪሲዮኑን በገመድ የሚስብ ከሆነ የገመዱን ልል አስለኩ። ፔዳሉን በእጅ ስትጫኑት ከመክበዱ በፊት ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ልል ጉዞ ይኖረዋል። የየመኪናው ትክክለኛ ልኬት መመሪያ መጽሐፉ ላይ አለ። ልሉ ከጠፋ ገመዱ ዲስኩን ዘወትር በትንሹ ያላቅቀዋል። እግር እንደ ማሳረፍ ማለት ነው። በጊዜ ከተያዘ በአንድ ቁልፍ ተስተካክሎ ያበቃል።

በዘይት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሁለት ፖምፕ አለው፤ አንዱ ከፔዳሉ ጋር፣ አንዱ ካምቢዮው ዘንድ። ማርሽ አልገባ ካለ፣ ፔዳሉ ከላላ፣ ደጋግማችሁ ስትረግጡት ደግሞ የሚጠነክር ከሆነ አየር ገብቶበታል ወይም ጎሚኒው (ፖምፑ ውስጥ ዘይቱን የሚይዘው ጎማ) አልቋል። ጎሚኒ በኪሎ ሜትር ብቻ አያልቅም። ቆሞም ያልቃል። ትንሽ የሚነዱ መኪኖች ዘይታቸው ለዓመታት ሳይቀየር ይቆያል፤ የፍሬን ዘይት ደግሞ እርጥበት ይስባል። በየሁለት ዓመቱ መቀየር ጥሩ ልማድ ነው። ብዙ መኪኖች ላይ የፍሪሲዮኑ ዘይት የሚመጣው ከፍሬኑ ማጠራቀሚያ ስለሆነ፣ እሱ ሲጎድል ዝም ብሎ መሙላት አደገኛ ነው። የት እንደሄደ ይፈለግ። ደግሞ በምንም ዓይነት የሞተር ዘይት እንዳይጨመርበት፤ ጎሚኒውን ሁሉ ያሳብጠዋል።

ክረምቱን ሙሉ ግቢ ውስጥ የቆመ መኪናም የራሱ ጠባይ አለው። ቮላኖው ብረት ነው፤ እርጥበት ላይ ዝገት ያወጣል። ዲስኩ በዚያ ዝገት ይያዛል። ባለቤቱ ሲመለስ ፔዳሉ ይወርዳል፣ ማርሹ ግን አይገባም። «ተበላሽቷል፣ ይውረድ» ይባላል። ልምድ ያለው መካኒክ ሞተሩን አሙቆ ገላጣ ቦታ ላይ ሊያላቅቀው ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ዲስኩ ይተርፋል። እናንተ ግን ብቻችሁን አትሞክሩት። መኪናው ድንገት ይዘላል።

ካምቢዮ ከወረደ በኋላ

እዚህ ላይ ሁሉም ምርጫ የሚጋራው አንድ ነገር አለ፤ የእጅ ዋጋው። ዲስክ ብቻ ቀየራችሁ፣ ሙሉ ሴት አስገባችሁ፣ ካምቢዮው መውረዱ አይቀርም። ስለዚህ በዕቃው ላይ ያተረፋችሁትን ገንዘብ ሁለተኛ ጊዜ ሲወርድ በእጅ ዋጋ ትከፍሉታላችሁ። እኔ ከፍዬዋለሁ።

ዲስክ ብቻ መቀየር ከሁሉ የሚያባብል ነው። መኪናው ብዙ ስላልተነዳ «ሌላው ደህና ነው» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ዲስኩን ያበላሸው ዘይት ብቻ ከሆነ፣ ቶሎ ከተደረሰበትና ሙቀት ካልነካው፣ ዲስኩን የሚጫነው ሳህን ደህና ሊሆን ይችላል። የተቃጠለ ፍሪሲዮን ላይ ግን አይሠራም። መካኒኬ የኔን ሳህን አገላብጠው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። የብረት ማስመሪያ በጫፉ አቆሙበትና ወደ መስኮቱ አዞሩት። ከማስመሪያው ሥር፣ ወደ ውስጠኛው ጠርዝ በኩል፣ ቀጭን የብርሃን መስመር ይታያል። ሳህኑ በሙቀት ጎድጉዷል። አዲስ ዲስክ ቢገባበት የሚይዘው በግማሽ ፊቱ ነው። የመጀመሪያው ጋራዥ የመለሰልኝ ይህንኑ ሳህን ነው። እናንተም ማስመሪያ አስቀርቡና በዓይናችሁ እዩ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የአሮጌውን ዲስክ ውፍረትም እንዲሁ እዩት። ፌሮዲው (የሚፋተገው የዲስኩ ሽፋን) ላይ የሪቬቶቹ፣ ማለትም ሽፋኑን የያዙት ምስማሮች፣ ራስ ጉድጓድ ውስጥ ይታያል። ከፌሮዲው ፊት እስከ ሪቬቱ ራስ ያለው ጥልቀት ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር ከወረደ አልቋል። ጥልቀቱ ገና ብዙ ሆኖ ዲስኩ ግን የሚንሸራተት ከነበረ ፌሮዲው አላለቀም ማለት ነው። ወይ ዘይት ነው፣ ወይ ሳህኑ ደክሟል፣ ወይ ገመዱ ጠብቋል። እኔ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ብዙ ባልተነዳ መኪና ላይ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

አሮጌው ዲስክ ላይ አዲስ ፌሮዲ ማስመታት ሌላው መንገድ ነው። ለትልልቅ የጭነት መኪኖች፣ ዕቃቸው ለጠፋ የድሮ መኪኖች ይረዳል። ለትንሽ የቤት መኪና ግን አልመክረውም። ዲስኩ መሃል ላይ ያሉት ጥቅል ምላሾች (ስፕሪንጎች) አሮጌ እንደሆኑ ይቀራሉ። ሚዛኑ ካልተጠበቀ መኪናው ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። አንዳንድ አሮጌ ፌሮዲ አስቤስቶስ ያለበት ሊሆንም ይችላል። ማንኛውም የፍሪሲዮን አቧራ በኮምፕሬሰር እንዳይነፋ ንገሯቸው፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ይህ ለእናንተ ብቻ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ያንን ለሚተነፍሰው ረዳት ልጅም ነው።

ያገለገለ ኦሪጅናል ከአዲስ ተመሳስሎ የተሠራ ይሻላል የሚሉ አሉ። ለሞተር ወይም ለበር ሊሆን ይችላል። ለፍሪሲዮን ግን ሙቀት የነካው ብረት ታሪኩን አይናገርም። አጽድተው፣ አሸት አድርገው ያቀርቡላችኋል። እኔ አልገዛም።

ሙሉ ሴት የምንለው ዲስኩ፣ ሳህኑ ከነሽፋኑና ኩሽኔታው ነው። የኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ ከሆነ ኪሎ ሜትሩ ስንትም ይሁን ሙሉ ሴት። ኩሽኔታው ብቻ ርካሽ ነው፤ እሱን ለመቀየር ግን ያው ካምቢዮ ይወርዳል። ለጃፓን መኪና አይሲንና ኤክሰዲ የታወቁ ናቸው፤ ለአውሮፓ መኪና ሉክ፣ ሳክስና ቫሌዮ። ስሙ የታወቀ ዕቃ ሁሉ ተመሳስሎ ስለሚሠራ ካርቶኑን ብቻ አትመኑ። አሮጌውን ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ። የዲስኩ ስፋት ከስፋት፣ መሃሉ ላይ ያለው ጥርስ ብዛት ከብዛት ይግጠም። የሻንሲ ቁጥሩንም አሳዩ።

ቮላኖውና የተረሳችው ፓራኦሊዮ

ሴቱ ከተገዛ በኋላ ሁለት ነገር ይቀራል። ቮላኖው ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ፣ ቀጫጭን ስንጥቅ ወይም ቦይ ካለ አዲስ ዲስክ እንዲሁ አይገጠምበትም። ተራው ቮላኖ ቶርኖ ቤት ሄዶ በልኩ ይላጣል። በአንዳንድ ናፍጣና የአውሮፓ መኪኖች ላይ ያለው ድርብ ቮላኖ ግን ውስጡ ምላሽ ስላለው በአብዛኛው አይላጥም፤ ይቀየራል። እሱ ውድ ነው። መኪናችሁ የትኛው እንዳለው ካምቢዮው ሳይወርድ እወቁ።

ከቮላኖው ጀርባ ደግሞ ፓራኦሊዮ አለች። የሞተር ዘይት ወደ ፍሪሲዮን ክፍል እንዳይመጣ የምትይዝ የጎማ ቀለበት ናት። ካምቢዮው ፊት ላይም እህቷ አለች። እነዚህ እንደ ጎሚኒው በዕድሜ ይደርቃሉ፤ 41,000 ኪሎ ሜትር ለነሱ ምንም ማለት አይደለም። የኔን ዲስክ ያበላሸችው የሞተሯ ናት። የትኛዋ እንደምታፈስ ዘይቱ ይነግራችኋል። የሞተር ዘይት ጥቁር ነው። የካምቢዮ ዘይት ወፈር ያለ ነው፤ ድኝ ድኝም ይሸታል። ካምቢዮ ከወረደ ሁለቱንም ቀይሩ። ከሴቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ዋጋቸው እዚህ ግባ አይባልም። መካኒኩ «ደረቅ ነው፣ ተዉት» ቢላችሁ እንኳ ቀይሩ።

አዲሱን ዲስክ በዘይት እጅ እንዳይነኩት አደራ። የካምቢዮው ዘንግ ጥርስ ላይ የሚቀባው ግራሶም የጣት ጫፍ ያህል ይበቃል። ሲበዛ ተረጭቶ ዲስኩ ላይ ያርፋል።

ሐዋሳ ወይስ አዲስ አበባ?

ዘመዶቼ «አዲስ አበባ የመኪና ዕቃ ገበያው ሶማሌ ተራ ሄደህ ግዛ፣ እዚያው አሠራው» ብለውኝ ነበር። ለዕቃው ምርጫ አዲስ አበባ ሰፊ ነው፤ የማይገኝ ሞዴል ከሆነ አማራጭ የለም። ለሥራው ግን ሐዋሳን እመርጣለሁ። ሥራው ችግር ካመጣ መልሼ የማቆምበት ጋራዥ በእግሬ የምሄድበት ይሁን። የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ይዞ 275 ኪሎ ሜትር መሄድም ቮላኖውን መጨረስ ነው። ዕቃውን በሰው አስመጡ፤ መኪናው እዚህ ይሠራ። ከጋራዡ ጋር ስትስማሙ ዋስትናው ዕቃውን ብቻ ነው ወይስ የእጅ ዋጋውንም ብላችሁ ጠይቁና በወረቀት አስጽፉ። አሮጌውን ዕቃ እንዲመልሱላችሁም ቀድማችሁ ንገሩ።

ሽጠው የሚሉም አይጠፉም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ ነው፤ በአብዛኛው ፍሪሲዮን የሚባል ነገርም የለውም። ቀድሞውኑ ልትቀይሩ አስባችሁ ከነበረ እሰየው። ለፍሪሲዮን ብላችሁ ግን ደህና ሞተር ያላት መኪና አትሽጡ። ገዢ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን አይቶ የሚቀንስባችሁ ከማሠሪያው በላይ ነው።

ከተሠራ በኋላ

የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትር ቀስ ብላችሁ ንዱ። ዳገትና ከባድ ጭነት ይቆይ። ዲስኩና ቮላኖው መግባባት አለባቸው። ሰልፍ ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ እግራችሁን ከፔዳሉ አውርዱ። አንድ መኪና ስትሄድ አትከተሉ፤ ሦስት አራት ስትሄድ አንዴ ተነሱ። ከኋላ ክላክስ ይነፋባችሁ ይሆናል፤ ይንፉ። ዳገት ላይ ስትቆሙ መኪናውን በባላንስ አትያዙት፤ የእጅ ፍሬን አለላችሁ።

ከሳምንት በኋላ ማታ ሞተሩና ካምቢዮው በሚገናኙበት ሥር ንጹህ ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት እዩት። እኔ ለአንድ ወር በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት አየሁ። ካርቶኑ ደረቅ ነበር። በሁለተኛው ወር እናቴን ይዤ ያንኑ የሀገረ ሰላም ዳገት ወጣሁት።